ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ፦ ሁርለር ያለበትን ሕጻን በቤት ውስጥ መንከባከብ

ሁርለር ከወላጆች በዘር የሚተላለፍና እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት በሽታ ነው፤ ከመቶ ሺህ ሕጻናት በአንድ ገደማ ላይ ይታያል። ስያሜውን ያገኘው እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1919 ስለ በሽታው ከጻፈችው ጀርመናዊት የሕጻናት ሐኪም ጌርትሩድ ሁርለር ነው።

ሕጻኑ ሲወለድ ጤነኛ ይመስላል። ሰውነቱ ግን በሕዋሳት ውስጥ የሚገኙ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶችን የሚሰባብረውን ኢንዛይም አያመርትም። ሳይሰባበር የቀረው ነገር በጉበት፣ በልብ፣ በአጥንት፣ በዐይንና በአንጎል ውስጥ ቀስ በቀስ ይከማቻል። በመጀመሪያው ዓመት ቡአ፣ የሚደጋገም የጆሮ ሕመም፣ የአፍንጫ መዘጋትና የጀርባ መጉበጥ ይታያሉ። አብዛኞቹ ምልክቶች በሌላ ሕጻን ላይም የሚታዩ በመኾናቸው በሽታው ሳይታወቅ ወራት ያልፋሉ። ሕክምና ካልተገኘ ሕጻኑ የለመደውን ቃል ሳይቀር እየረሳ ይሄዳል፤ አብዛኞቹም ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው ሕይወታቸው ያልፋል።

በሽታው እርግማን ወይም የእናት ጥፋት አይደለም። አባትና እናት እያንዳንዳቸው አንድ የተበላሸ ዘረመል ሲይዙ ራሳቸው አይታመሙም፤ ከሁለቱም የወረሰው ልጅ ግን ይታመማል። እንዲህ ካሉ ጥንዶች በእያንዳንዱ እርግዝና የታመመ ልጅ የመወለድ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። በቅርብ ዘመዳሞች መካከል የሚደረግ ጋብቻ ይህን ዕድል ከፍ ስለሚያደርግ፣ ሰባት ቤት ቆጥሮ የማጋባቱ ልማድ በሕክምና ዐይንም ጥቅም አለው። ይኹን እንጂ ዝምድና በሌላቸው ጥንዶችም ያጋጥማል።

በ1980 ለንደን ውስጥ ለአንድ የሁርለር ታማሚ ሕጻን የመቅኔ ንቅለ ተከላ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ሕክምና ዋነኛው ኾኗል። ከለጋሹ መቅኔ የሚፈልቁት ሕዋሳት የጎደለውን ኢንዛይም ያመርታሉ፣ ለጎረቤት ሕዋሳትም ያካፍላሉ፤ ከፊሎቹ አንጎል ውስጥ ገብተው ይሠራሉ። በ2003 በአሜሪካ የተፈቀደው በደም ሥር የሚሰጥ ኢንዛይም ወደ አንጎል በበቂ መጠን አይደርስም። አንጎል ከተጎዳ በኋላ የጠፋው ስለማይመለስ፣ ሐኪሞች ንቅለ ተከላው ሕጻኑ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላው እንዲደረግ ይጥራሉ።

ከሆስፒታል ሲወጣ ኃላፊነቱ ወደ ቤት ይዞራል። ከንቅለ ተከላው በፊት የተሰጠው ኬሞቴራፒ የሕጻኑን የራሱን መቅኔ አጥፍቶታል፤ አዲሱ ደግሞ በሽታን በሚገባ እስኪከላከል ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። በእነዚህ ወራት ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከደረሰ እስኪነጋ አይጠበቅም። ማስታገሻ ሰጥቶ ማስተኛትም አደገኛ ነው፤ ትኩሳቱ ይደበቃል እንጂ ሕመሙ አይቆምም። ኩፍኝ ወይም ጉድፍ ከያዘው ልጅ ጋር የተገናኘ ከኾነም ምልክት ሳይታይበት በዕለቱ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

ጥሬ ወተት፣ ጥሬ ሥጋና በደንብ ያልበሰለ እንቁላል አይሰጠውም። የጭድ፣ የድርቆሽና የፍግ ብናኝ ሳንባን የሚያጠቃ ሻጋታ ስለሚይዝ፣ በእርሻ የሚተዳደር ቤተሰብ ሕጻኑን ከአውድማና ከበረት ማራቅ፣ ከዚያ የተመለሰም ሰው ልብሱን ቀይሮና እጁን ታጥቦ ማቀፍ ይኖርበታል። ከሁሉ የሚከብደው ምናልባት ጠያቂ ነው። እንኳን ለቤቱ አበቃው ለማለት የመጣን ዘመድ ልጁን አትሳም ማለት ያሳፍራል፤ ግን መባል አለበት።

የለጋሹ ሕዋሳት የሕጻኑን አካል እንደ ባዕድ ቆጥረው እንዳያጠቁ የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን ሰዓቱን ጠብቆ በየ12 ሰዓቱ ይወሰዳል። መጠኑ በደም የሚለካ በመኾኑ በምርመራው ቀን የጠዋቱ መድኃኒት የሚሰጠው ደሙ ከተቀዳ በኋላ ነው። በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ የሚወጣ ሽፍታ፣ የማያባራ ተቅማጥ ወይም የዐይን ቢጫ መኾን ጥቃቱ መጀመሩን ሊያመለክት ይችላል።

ቀድሞ የተከተባቸው ክትባቶች ጥበቃ ስለሚጠፋ በሐኪሙ መርሐ ግብር እንደገና ይጀመራሉ፤ እንደ ኩፍኝ ያሉ ሕያው ክትባቶች በአብዛኛው ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጡ ናቸው። በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባትም ሕያው ቫይረስ ስላለው፣ ወንድምና እህቶቹ ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ይጠየቅ።

ብዙ ወላጆችን የሚያስደነግጠው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ደሙና አእምሮው ተሽሎት ሳለ አጥንቱ መታመሙን ይቀጥላል። ኢንዛይሙ ወደ አጥንትና ወደ ዐይን ፊተኛ ሽፋን በሚገባ ስለማይደርስ የጀርባ አጥንት፣ ዳሌና ጉልበት ለዓመታት ክትትል፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይሻሉ። የአየር ቧንቧቸው ጠባብ፣ አንገታቸውም ስስ ሊኾን ስለሚችል፣ ለጥርስም ቢኾን ሰመመን የሚሰጣቸው በሽታውን በሚያውቅ ባለሙያ መኾን አለበት።

የእጅ አንጓ ነርቭም ይጫናል። አዋቂ ሰው እንዲህ ሲኾን ይደነዝዘኛል፣ ያመኛል ብሎ ይናገራል፤ እነዚህ ሕጻናት ግን አብዛኛውን ጊዜ አያማርሩም። የሚያስተውል ወላጅ የሚያየው ሌላ ነገር ነው፤ ቁልፍ ይቆልፍ የነበረው ልጅ እናቱ እንድትቆልፍለት ይጠብቃል፣ በአውራ ጣቱ ያነሣው የነበረውን እህል በጎን ጣቶቹ ይለቅማል፣ ሌሊት እጁን ያኝካል። ይህን አይቶ በጊዜ ለሐኪም የነገረ ወላጅ፣ ነርቩ ሳይሞት ጫናው በቀዶ ሕክምና እንዲነሣለት ያደርጋል።