ስልኩ «አፕዴት» አድርጎ ሲያድር ድምፅና ፎቶ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ስለ ስልክ የምትጠይቁን ጥያቄ ቁጥሩ ቢበዛም ዓይነቱ ያው ነው። «ስልኩ ሌሊት ራሱን አድሶ አደረ፤ ጠዋት ብደውል እናቴ ድምፅሽ አይሰማም ትለኛለች።» «ፎቶ ልልክ ስል ያን ሁሉ ፎቶ ትቶ ሁለት ብቻ ያሳየኛል።» «መልእክት ገብቶ አየዋለሁ እንጂ ስልኩ አይጮኽም።» ወደ ስልክ ቤት የወሰዱት ደግሞ «ፎርማት ካልተደረገ አይሠራም» ተብለው ይመለሳሉ። በዚህ እትም ይህን ጉዳይ ሰፋ አድርገን ለመጻፍ የተነሣነው እንዲህ ባለ ጊዜ ስልኩ በአብዛኛው ስላልተበላሸ ነው። አፑ ያጣው ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱን ደግሞ የስልኩ ባለቤት ራሷ መመለስ ትችላለች።

በመጀመሪያ ስለ ስልኩ አሠራር ጥቂት እንበል። አንድሮይድ የሚባለው ሥርዓት የቆመው በሊኑክስ ላይ ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ሲሆን በዚያን ጊዜ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የሥርዓቱ እምብርት «ከርነል» ይባላል፤ ቃሉ የፍሬ አስኳል ማለት ነው። ስልካችሁ የትኛውን ከርነል እንደያዘ ለማየት የምትፈልጉ በሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚገልጸው ገጽ ታገኙታላችሁ።

በትልቅ ቤት ውስጥ ለምትሠሩ ነገሩ አይከብድም። ቤቱ ብዙ ክፍል አለው፤ ቁልፉ ያለው ግን በአንድ ሰው እጅ ነው። በስልክም እያንዳንዱ አፕ ሲጫን የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ የሚጀምረው ከ10000 ነው። አፑ በዚያ ቁጥር የራሱን ክፍል ይይዛል፤ ወደ ጎረቤቱ ክፍል ልግባ ቢል ከርነሉ አያስገባውም። ማይክ፣ ካሜራ፣ ፎቶ፣ ያላችሁበት ቦታ፣ እነዚህ ሁሉ የተቆለፉ በሮች ናቸው። አፑ ሲጠይቅ ሥርዓቱ ወደ እናንተ ዞሮ «ልፍቀድለት ወይ?» ይላል። መልሳችሁም ተመዝግቦ ይቀመጣል።

ታዲያ አፕዴት ሲመጣ ምን ይለወጣል? የበሮቹ ደንብ ይለወጣል። እስከ አንድሮይድ 5 ድረስ አንድ አፕ ሲጫን ሁሉንም ፈቃድ በአንድ ጊዜ ይወስድ ነበር። በ2015 የወጣው አንድሮይድ 6 ግን አፑ ባስፈለገው ጊዜ እየጠየቀ እንዲወስድ አደረገ። በ2020 አንድሮይድ 11 «ለዚህ ጊዜ ብቻ» የሚል ምርጫ አመጣ፤ ለወራት ያልተከፈተ አፕም ፈቃዱ እንዲነሣበት አደረገ። በ2022 አንድሮይድ 13 ደግሞ አፕ ለማስጮኽ እንኳ ፈቃድ መጠየቅ አለበት አለ፤ ቀድሞ አንድ የነበረውን የፋይል ፈቃድም ፎቶና ቪዲዮ ለብቻ፣ ድምፅ ለብቻ አድርጎ ከፈለው። በ2023 አንድሮይድ 14 «የመረጥኳቸውን ፎቶዎች ብቻ» የሚል መልስ ጨመረ። በሥራ መካከል አንዲት ቁልፍ ተጭናችሁ ያለፋችሁት ጥያቄ ከእነዚህ አንዱ ነበር ማለት ነው። በእኛ አስተያየት ደንቦቹ ለተጠቃሚው የሚበጁ ናቸው፤ ጥያቄው ሕፃን ታቅፋችሁ ወይም ድስት ስታማስሉ መምጣቱ ነው ክፋቱ።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንግባ። ጥሪው ይገናኛል፣ የእነርሱን ድምፅ ትሰማላችሁ፣ እነርሱ ግን የእናንተን አይሰሙም እንበል። በዚያው አፕ የድምፅ መልእክት ለመቅዳት ሞክሩ። እምቢ ካለ ወይም ባዶ ከቀዳ በስልኩ የራሱ ድምፅ መቅጃ ቅዱ። በመቅጃው ድምፃችሁ ጥርት ብሎ ከተሰማ ማይኩ ደኅና ነው፤ የጎደለው የአፑ የማይክ ፈቃድ ነው። በመቅጃውም ካልተሰማ ግን የማይክ ጠቅላላ መዝጊያውን ተመልከቱ። ከ2021ዱ አንድሮይድ 12 ጀምሮ በብዙ ስልኮች ከላይ ወደ ታች ሲሳብ በሚመጣው ሰሌዳ ላይ ማይክን ለሁሉም አፕ በአንድ ጊዜ የሚዘጋ ቁልፍ አለ። ልጆች ስልክ ሲነካኩ ይህን ዘግተው ሊተዉት ይችላሉ።

የድምፅ መልእክት በደንብ እየተቀዳና እየተላከ ጥሪው ብቻ አልገናኝ ካለ ግን ፈቃድ ፍለጋ አትድከሙ። እንደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ባሉ አገሮች የአንዳንድ አፖች የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ በኔትዎርኩ በኩል ሲታገድ ቆይቷል። ይህን በሴቲንግ አታስተካክሉትም።

ፎቶው ጥቂት ብቻ የሚታይ ከሆነ ቀሪው አልጠፋም። ጋለሪውን ክፈቱ፤ ሁሉም እዚያ ይገኛል። አፑ የሚያየው ቀደም ብላችሁ የመረጣችሁለትን ብቻ ስለሆነ ነው። በሜሞሪ የያዛችሁት መዝሙር በማጫወቻው ካልታየም የሙዚቃና ድምፅ የሚለው ፈቃድ ተነሥቶ ይሆናል። መልእክት ሳይጮኽ የሚገባ ከሆነ የማሳወቂያ፣ በተለምዶ «ኖቲፊኬሽን» የምንለው፣ ፈቃድ ይታይ። አንድ ነገር እንጨምር፤ ስልኩ ሌሊት ጠፍቶ ከተነሣ የይለፍ ቁጥሩ አንድ ጊዜ እስኪገባ ድረስ አብዛኞቹ አፖች ሥራ አይጀምሩም። ጠዋት ስልኩን ሳትከፍቱ ቻርጅ ላይ ትታችሁት ከሄዳችሁ ቀኑን ሙሉ ላይጮኽ ይችላል።

ፈቃዱ የሚመለሰው እንዲህ ነው። የአፑን ምልክት በጣት ተጭናችሁ ስትቆዩ ስለ አፑ የሚገልጸው ገጽ ይመጣል፤ በዚያ ውስጥ «ፐርሚሽን» የሚለውን ክፈቱ። ስልኩ በዓረብኛ ከሆነ ሴቲንግ «አል-ኢዕዳዳት»፣ አፖች «አት-ተጥቢቃት»፣ ፈቃዶች «አል-ኡዙናት» ይባላሉ፤ ፍቀድ የሚለው «አስ-ሰማሕ»፣ አትፍቀድ የሚለው «ዐደም አስ-ሰማሕ» ነው። ማይክን ነክታችሁ አፑን ስጠቀም ይፈቀድ የሚለውን ምረጡ፤ ለፎቶ ሁሉንም ፍቀድ በሉ። አንድሮይድ በአማርኛም ስለሚሠራ ቋንቋውን ብትለውጡት «ቅንብሮች»፣ «መተግበሪያዎች»፣ «ፈቃዶች» የሚሉትን ታገኛላችሁ። አይፎን የያዛችሁ በሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚለውን፣ ከዚያም ማይክሮፎን የሚለውን ክፈቱ።

«አፑ ራሱ መልሶ ይጠይቀኛል» ብላችሁ አትጠብቁ። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ለአንድ ፈቃድ ሁለት ጊዜ «አትፍቀድ» ከተባለ ጥያቄው ዳግም አይመጣም። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይህ ገጽ ብቻ ነው።

የትኛው ፈቃድ እንደጎደለ ግራ ከገባችሁ በሴቲንግ የአፖች ዝርዝር ላይ፣ በሦስት ነጥቦቹ ሥር፣ «ሪሴት አፕ ፕሪፈረንስ» የሚል በብዙ ስልኮች አለ። ይህ የተዘጉ አፖችንና የታገዱ ማሳወቂያዎችን ወደ መጀመሪያው ሁኔታ ይመልሳል፤ ፎቶም መልእክትም አያጠፋም። «ክሊር ካሽ» የሚለውም አይጎዳም። «ክሊር ዳታ» ግን ሌላ ነው፤ አፑን ባዶ ያደርገዋል፤ በችኮላ እንዳትነኩት።

ስለ ፎርማት በብርቱ የምናሳስብበት ምክንያት አለን። ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙበት ዋትስአፕ ወይም ኢሞ የተከፈተው ከአገር ስትወጡ በነበረው ወይም በቀድሞ አሠሪ ቤት በነበረው ሲም ነው። ሲሙ ዛሬ ሞቷል፤ አፑ ግን በዚያው ቁጥር ይሠራል። ስልኩ ፎርማት ሲደረግ አፑ እንደ አዲስ ይጠይቃል፤ የማረጋገጫ ቁጥሩንም ወደ ሞተው ሲም ይልካል። በዚያን ጊዜ የቤተሰብ ቁጥሮች፣ ለዓመታት የተከማቸው የልጅ ድምፅ፣ የፓስፖርትና የውል ፎቶ፣ ደሞዝ የተከፈለበትና ያልተከፈለበት ወር የተጻፈበት መልእክት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ፓስፖርቷ በአሠሪ እጅ ላለ እህት ያች ፎቶ ምን ማለት እንደሆነች ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው፤ ለአንዲት የማይክ ፈቃድ ሲባል ስልኩ ሙሉ በሙሉ ይጠረጋል። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ስልኩ ደኅና ሳለ፣ በአፑ ውስጥ ቁጥር ለመቀየር በሚያስችለው ቦታ ገብታችሁ አሁን በእጃችሁ ወዳለው ሲም አዛውሩት። የፓስፖርቱንና የውሉን ፎቶ ለምታምኑት ሰው ላኩ፤ ቁጥሮችንም በወረቀት ጻፉ።

ፈቃድ መስጠት ብቻ ሳይሆን መንፈግም ያስፈልጋል። «ስልክሽን ለማደስ ይህን ጫኚ» የሚል ሊንክ በመልእክት ቢደርሳችሁ አትክፈቱ። እውነተኛው የስልክ አፕዴት የሚመጣው በሴቲንግ ውስጥ ነው። እንዲህ ያሉት አፖች አብዛኛውን ጊዜ «አክሰሲቢሊቲ» የሚባለውን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ፈቃዱ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መርጃ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ያገኘው አፕ ግን በስክሪኑ ላይ ያለውን ማንበብና በእናንተ ፈንታ መጫን ይችላል። ገንዘብ የምትልኩበት አፕ በዚያው ስልክ ላይ ካለ ምን እንደሚከተል አስቡት። ሌላ ሰው ገዝቶ በሰጣችሁ ስልክ ላይም «ሎኬሽን» የሚለውን ፈቃድ ከፍታችሁ የትኛው አፕ ሁልጊዜ ያላችሁበትን እንደሚያይ ተመልከቱ።

ይህ ሁሉ ታይቶ በስልኩ መቅጃም ድምፅ ካልተሰማ ብልሽቱ የዕቃ ነውና ለጥገና ይሰጥ። የሚያስፈልጋችሁ ማይኩን ማስጠገን እንጂ ሶፍትዌር ማስጫን እንዳልሆነ ለሠሪው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከተቻለም እዚያው ቆማችሁ አሠሩት።