ትምህርት ቤት ሲዘጋ ራዲዮው ይከፈታል

እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቦላ ሴራሊዮን ሲገባ ለዕረፍት የተበተኑት ተማሪዎች ክፍላቸውን መልሰው ያዩት በኤፕሪል 2015 ነው። በመሀሉ ትምህርቱ በራዲዮ ቀጠለ፤ ኢንተርኔት የማያሻው፣ ባትሪ ድንጋይ የሚበቃው መላ ነበር። በእርግጥ ሞገዱ የማይደርስበት መንደር፣ ራዲዮ የሌለው ቤትም ሞልቷል። ያልገባው ልጅስ እጁን ለማን ያውጣ?

የልምምዱ ፍሬ የታየው ኋላ ነው። በማርች 2020 መጨረሻ ኮቪድ-19 ትምህርት ቤቶቹን ሲያዘጋ የራዲዮው ትምህርት በቀናት ውስጥ አየር ላይ ዋለ። ከኢቦላ ዘመን የተረፈ አሠራር ስለነበረ ከዜሮ የጀመረ የለም።

ትልቁ ጥፋት የተሠራው ግን ከኢቦላ በኋላ ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ነው። በ2015 ነፍሰ ጡር ልጃገረዶች ወደ ክፍል እንዳይመለሱ ታገዱ (ያስረገዟቸውን የከለከለ አልነበረም)። እገዳው የተነሳው የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ (ኢኮዋስ) ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2019 መንግሥት ላይ ከፈረደ በኋላ፣ በማርች 2020 ነው።

ኢትዮጵያም በዚያው ማርች ትምህርት ቤቶቿን ዘግታ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችን ቤት አስቀምጣለች። የመጠባበቂያ ዕቅድ የሚያዘጋጅ የወረዳ ባለሙያ እንግዲህ ከራዲዮው ስርጭት ጎን ትምህርት ቤት ሲከፈት የሚመለሱ ተማሪዎችን መዝገብ ይያዝ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ማን እንደቀረ ይጻፍበት፤ ቤቱ ሄዶ የሚጠይቀው ማን እንደሆነም አስቀድሞ ይወሰን።