የወለቃ ሸክላና የሠሪዎቹ ስም

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ወለቃ የምትባል መንደር ትገኛለች። በዚህች መንደር የቤተ እስራኤል ወንዶች ብረት ሲቀጠቅጡና ሸማ ሲሠሩ፥ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፥ ሰው ለሸክላ ሠሪዋ ባወጣላት ስምና በእጅዋ ሥራ መካከል ያለውን ግንኙነት መግለጽ ነው።

ሠሪዋ ጭቃውን አብኩታ፥ ያለ መሽከርከሪያ በእጅዋ እያድበለበለች ትደራርበዋለች፤ በድንጋይ ታለሰልሰዋለች፤ ሲደርቅም በሜዳ ላይ በእሳት ትተኩሰዋለች። እንስራው፥ ድስቱና ጀበናው በዚህ ዓይነት ተሠርቶ ገበያ ይወጣል።

ነገር ግን ድስቱን ያለ ሥጋት ወደ ማድ ቤቱ ያስገባው ጎረቤት፥ ሠሪዋን «ቡዳ» ይላት ነበር፤ ሌሊት ጅብ ትሆናለች ተብሎም ይታመን ነበር። «ፈላሻ» የሚለውም ስም «ፈለሰ» ከሚለው ቃል ጋር ተያይዞ አገር የለሽ የሚል ስለሚመስል፥ ባለቤቶቹ አይወዱትም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር ቢያውጁም፥ ልማዱ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም።

በኋላ ጎብኚዎች መምጣት ሲጀምሩ ሴቶቹ ትንንሽ ምስሎችን ይሠሩ ጀመር፤ ይኸውም ልጅ የታቀፈች እናት፥ የይሁዳ አንበሳ፥ በአንድ አልጋ የተኙ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ የመሳሰሉት ናቸው። በጎረቤት አፍ ስድብ የነበረው ስም በጎብኚው ዘንድ የገበያ ምልክት ሆነ። ይሁን እንጂ ዕቃው «የፈላሻ ሸክላ» እየተባለ ተሸጠ እንጂ የእገሊት ሥራ አልተባለም። ስለዚህ ስድቡም ሙገሳውም አንዲቱን ሴት እኩል ሸፈናት።

ቤተ እስራኤሎች በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፥ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። በወለቃ ግን ሸክላው አልቀረም፤ ክርስቲያን ጎረቤቶች ያንኑ ምስል እየሠሩ በዚያው ስም መሸጥ ቀጠሉ።

ከዚህ የምንረዳው፥ ስሙ ከሠሪዋ ደምም ሆነ ከጭቃው የወጣ አለመሆኑን ነው። ከእርስዋ ቢመጣ ኖሮ ከእርስዋ ጋር በሄደ ነበር። እንግዲህ ሸክላ የሚሰበስብ ተማሪም ሆነ ቤተ መዘክር፥ የወገኑን ስም ብቻ ሳይሆን የሠሪዋን ስም፥ መንደርዋንና ዘመኑን በዕቃው ላይ ሊጽፍ ይገባዋል።