የልምምዱን ወጪ ማን ይሸፍን?

በበዓል ዝግጅት ወይም በአንድ ድርጅት ምረቃ ላይ የሰርከስ ልጆች መድረክ ሲወጡ አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። ሦስት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቆማሉ፣ ሁለት በላያቸው ይወጣሉ፣ ከሁሉም በላይ አንዲት ትንሽ ልጅ እጆቿን ዘርግታ ፈገግ ትላለች። ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ አሥር ደቂቃ በስተኋላ ያለው የዓመታት ልምምድ ፕሮግራሙ ላይ አይጻፍም፤ ብዙ ጊዜ በጀቱም ላይ የለም። ለድሃ ልጆች ኪነ ጥበብ የሚያስተምሩ ማዕከላት ለምን በድምቀት ተከፍተው ብዙም ሳይቆዩ እንደሚዳከሙ ለመረዳት መነሻው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ገንዘቡ የሚመጣው ለትርኢቱ ሲሆን ልጁን የሚለውጠው ግን ልምምዱ ነው።

ልምምድ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ያንኑ በትከሻ ላይ መውጣት ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ጀማሪ ልጅ ቀድሞ የሚማረው አወጣጥን አይደለም፤ አወዳደቅን ነው። አገጩን ደረቱ ላይ አጣብቆ፣ ጀርባውን አጉብጦ ፍራሽ ላይ መንከባለል ይለምዳል። ቀጥሎ መሸከም ይመጣል። ታች የሚቆመው ልጅ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ጓደኛው መጀመሪያ ጭኑን፣ ከዚያ ትከሻውን እንዲረግጥ ያመቻቻል። ሽቅብ ማየት አይፈቀድለትም፤ ቀና ካለ ሚዛኑ ይዛባል። ላይ ያለው ልጅ ምን ላይ እንዳለ የሚያውቀው ትከሻው ላይ በሚሰማው ክብደት ነው። ከጎን ደግሞ ሥራ የፈታ የሚመስል ሌላ ልጅ ይቆማል፤ የእሱ ድርሻ ላይ ያለው ቢወድቅ መቅለብ ነው። ይህ ልጅ ትናንት መርካቶ ለተሸከመው ዕቃ ሒሳቡን የከለከሉት ሊሆን ይችላል። ዛሬ የጓደኛው አንገት በአደራ ተሰጥቶታል። ስለ ኃላፊነት የፈለገውን ያህል ምክር ቢሰማ ይህን አያገኝም።

ችግሩ ልጁ እዚያ ፍራሽ ላይ እንዲደርስና በየቀኑ እንዲመለስ ማድረጉ ነው። ማዕከሉ «ትምህርቱ በነጻ ነው» ብሎ ይለጥፋል። ለድሃ ቤት ግን እንዲህ ያለ ነጻ ነገር የለም። ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ከጠፋ የሁለት ሰዓት ገቢ ቀረበት። ልጅቱ ልምምድ ከሄደች ውሃ የሚቀዳ፣ ታናሽ ወንድሟን የሚይዝ ሰው መገኘት አለበት። እናት «ተገለባብጠሽ ምን ልታመጪ ነው?» ብትል ኋላ ቀር ሆና አይደለም፤ ሒሳብ እያሰላች ነው። በዚያ ላይ አዝማሪነትን እንደ ስድብ ስንጠቀምበት የኖርን ሰዎች ነን። ሴት ልጅ በሰው ፊት ስትገለባበጥ ጎረቤት ምን እንደሚል እናትየዋ አሳምራ ታውቃለች።

ስለዚህ የሚሳካለት ማዕከል ልምምዱን ከትምህርት ቤቱ ፈረቃ ጋር ያስማማል፣ ለልጆቹ ሻይና ዳቦ ያቀርባል፣ እናቶችን ጠርቶ ልምምዱን ቁጭ ብለው እንዲያዩ ያደርጋል። ሻይና ዳቦው በሪፖርት ላይ «ልዩ ልዩ ወጪ» ተብሎ ያልፋል። ልጁን የሚያስመጣው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ለጋሽ ወይም ስፖንሰር ለዚህ ለምን አይከፍልም? ክፋት ኖሮበት አይደለም። ትርኢት ቀን አለው፣ ፎቶ አለው፣ የተመልካች ቁጥር አለው። የማክሰኞ ልምምድ ይህ ሁሉ የለውም። ማዕከሉም ለመኖር ሲል ትርኢት ይሸጣል፤ ስለ ንጽሕና አንድ፣ ስለ ትራፊክ አንድ። ልጆቹ ቀስ በቀስ ከተማሪነት ወደ ሠራተኛነት ይሸጋገራሉ፤ ጎበዞቹ በየመድረኩ ይዞራሉ፣ አዲስ የመጡት ደግሞ የሚያስተምራቸው አጥተው ይቀራሉ።

በዚህ ረገድ የአዱኛ የዳንስ ቡድን ታሪክ ሊጠና የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የውዝዋዜ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ 100 ያህል የጎዳናና የድሃ ቤተሰብ ልጆችን ይዞ በካርል ኦርፍ «ካርሚና ቡራና» ሙዚቃ ላይ የተመሠረተ ትልቅ የዳንስ ትርኢት አሳየ። ብዙ ፕሮጀክት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ ጭብጨባ፣ ፎቶግራፍ፣ አውሮፕላን። ያኛው ግን አላለቀም። ከልጆቹ መካከል የተመረጡ ወጣቶች መንታ ልጆች ያሏቸውን ድሃ ቤተሰቦች በሚረዳው ጀሚኒ ትረስት ጥላ ሥር ለአምስት ዓመት ዳንስ ተማሩ። አዱኛ የማኅበረሰብ የዳንስ ቲያትር የተባለው ቡድን የወጣው ከዚያ ነው። ከአባላቱ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ የኪነ ጥበብ ፕሮግራም ተመርጦ በታዋቂው ጃፓናዊ ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ተሺጋዋራ ሥር ሠርቷል።

ጋዜጣ የሚወደው ይህን የመጨረሻውን ዜና ነው። እኔ የበለጠ ክብደት የምሰጠው ሌላውን ነው። ተመራቂዎቹ ራሳቸው አስተማሪ ሆነው ወደ ልጆች ተመለሱ፤ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች የሚደንሱበት ቡድንም አቋቋሙ። አምስት ዓመት ባይማሩ ኖሮ ማንንም ማስተማር አይችሉም ነበር። የአንድ ወር ሥልጠና ጥሩ ትዝታ ይተዋል፤ አሠልጣኝ ግን አያወጣም።

የሰርከስ ኢትዮጵያ ታሪክ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 ከካናዳ የመጣ መምህር ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር የጀመረው ሥራ በጥቂት ዓመታት ጅማንና መቀሌን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ልጆቹ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ፈንጂ አደጋ በሰርከስ አስተማሩ፤ ባሕር ማዶም ተሻግረው ዝና አተረፉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በአውስትራሊያ ጉዞ ላይ 15 አባላት ጥገኝነት ጠየቁ፤ በደል ደርሶብናል የሚል አቤቱታም አሰሙ። መሥራቹም ሥራውን ለቀቀ።

ይህን የማነሳው ቁስል ለመነካካት አይደለም። አክሮባት ያለ ንክኪ አይማሩትም፤ አሠልጣኙ የልጁን ወገብና እግር መያዝ አለበት። ጉዞውን፣ ምግቡን፣ የመድረክ ዕድሉን የሚሰጠውም ያው ሰው ሲሆን ልጁ ለማን አቤት ይላል? መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። በልምምድ ሰዓት ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ይኑሩ፣ በሩ ለወላጅ ክፍት ይሁን፣ ቅሬታ የሚቀበለው ሰው ደመወዙ ከማዕከሉ ኃላፊ እጅ አይሁን። ይህ በሌለበት ማዕከል ልጄን አላስገባም፤ የፈለገውን ያህል ዝነኛ ይሁን።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቡድኖች ብዙዎቹ ሰርከስን ራሳቸው ኖረውበት ባደጉ ኢትዮጵያውያን እጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው ፈካት ሰርከስ ልጆችን ከማሠልጠኑ ሌላ ባለሙያዎቹን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይልካል፤ ቀይ አፍንጫ አድርገው የታመሙ ሕፃናትን ያስቃሉ። እዚያ ትኬት አይሸጥም። ሰርከስ አቢሲኒያን የመሠረቱት ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም ደግሞ ከእንግሊዝ አገር ሆነው አዲስ አበባ ያለውን የሰርከስ ዊንጌት ትምህርት ቤት ይደግፋሉ፤ አርቲስቶቻቸውም ከዚያው የወጡ ናቸው። ውጭ አገር የተገኘው ዝና ወደ ልምምዱ ፍራሽ ገንዘብ ሆኖ የሚመለስበት አንድ መንገድ ይህ ነው። ውጭ ያለው ወገናችንም አንድ ጊዜ ትኬት ገዝቶ ከማጨብጨብ ይልቅ ለአንድ አሠልጣኝ ደመወዝ በየወሩ ቢያዋጣ ይበልጥ ይጠቅማል።

አገር ውስጥ ያለው ዕድል ደግሞ ከደጃችን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የወጣቶች ሰብዕና ልማት ማዕከል የሚል ሰሌዳ የተለጠፈባቸው ግቢዎች አሉ። አዳራሽ አላቸው፤ በርካቶቹ ግን ከስብሰባና ከፑል ጨዋታ ያለፈ አገልግሎት ሲሰጡ አይታይም። ከወረዳ የሚፈለገው አዲስ ሕንፃ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን ከ9 እስከ 11 ሰዓት አዳራሹ ለልጆች ይከፈት፣ ጥቂት ፍራሽ ይገዛ፣ የአንድ አሠልጣኝ ደመወዝ በመደበኛው በጀት ይያዝ። በቀጣዩ የወረዳችሁ የበጀት ውይይት ላይ እጃችሁን አውጥታችሁ ይህን ጠይቁ።