የቦርሳው ክብርና የቆዳው ውርደት

በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚውን ስፍራ የያዘች አገራችን ከቆዳዋ የምታገኘው ጥቅም ስለ ምን አነሰ የሚለው ጥያቄ ከአንድ ትውልድ በላይ ሲመላለስ ኖሯል። በመስቀል ሰሞን በጉራጌ አገር፣ በእምድብርና በመላው ቸሃ፣ ሰንጋ ሲታረድ ሥጋው በክትፎ ይከበራል፤ ቆዳው ግን፣ በቅርብ ዓመታት በብዙ የአገራችን ክፍል እንደታየው፣ ገዢ አጥቶ ሊጣል ይችላል።

ምክንያቱን የሚመረምር ሰው ወደ ፓሪስም ማየት ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1837 የፈረስ ዕቃ በመሥራት የተመሠረተው የኤርሜስ ቤት፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በተዋናይቷ በጄን ቢርኪን ስም የሚጠራውን የእጅ ቦርሳ ያወጣል። አንድ ባለ እጅ፣ በአንድ ክር ሁለት ጫፍ ሁለት መርፌ ሰክቶ፣ በየቀዳዳው እያሳለፈ ይሰፋዋልና፣ አንዱ ጥልፍ ቢበጠስ ቀሪው አይተረተርም። ጥራቱ ከዚህ ነው፤ የዋጋው ምሥጢር ግን በደጁ ጥበት ላይ ነው። ገንዘብ የያዘ ሁሉ ገብቶ አይገዛውም፤ ሻጩ ለመረጠው ደንበኛ ብቻ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2024 በካሊፎርኒያ ያሉ ገዢዎች፣ ቦርሳውን ለማግኘት አስቀድመን ሻርፕና ጫማ እንድንገዛ ተገደድን ብለው ከሰሱ፤ በተከታዩ ዓመት ዳኛው ክሱን ዘጋው። ከመደብር የወጣውንም ቦርሳ ተራ ያልደረሰው ሰው ከአትራፊ እጅ በላቀ ዋጋ ይገዛዋል፤ ለቢርኪን ራሷ የተሠራው የመጀመሪያው ቦርሳ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በፓሪስ ጨረታ 8.6 ሚሊዮን ዩሮ አውጥቷል።

የእኛ መንግሥት በ2000 ዓ.ም. በጥሬ ቆዳና ሌጦ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ቀረጥ የጣለው ፋብሪካው እዚሁ እንዲያለፋው በማሰብ ነበር። አሳቡ መልካም ነበር፤ ሆኖም በገፈፋ ጊዜ በቢላዋ የተበሳውን፣ በእከክ የተጎዳውን፣ ጨው ሳይነካው ያደረውን ቆዳ ቀረጥ አያድነውም። ለጓንት በዓለም የተመሰገነው የደጋ በጋችን ሌጦ እንኳ በዚህ ጉድለት ከደረጃው ይወርዳል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የባለ ሙያው ዕጣ ነው። የሥነ ሰብ ተመራማሪው ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ እንደመዘገበው፣ ቆዳ ፋቂው፣ አንጥረኛውና እንጨት ጠራቢው ከርስትም ከማዕድም ተለይተው ይኖሩ ነበር። ፓሪስ የፈረስ ዕቃ ሰፊውን ስም ከደጃፏ በላይ ስትጽፍ፣ እኛ ጥበብ ላወረሱን ወገኖቻችን የንቀት ስም አወጣንላቸው።

እንግዲህ የቸሃ ሽማግሌዎችና የእምድብር ነጋዴዎች ሆይ፣ ቆዳው በጥንቃቄ እንዲገፈፍና በዚያው ዕለት በጨው እንዲታሽ እዘዙ፤ የፋቂውንም ልጅ በሸንጎአችሁና በማዕዳችሁ ከእኩያ አስቀምጡት።