መትን የማን ናት?

ደውራ ወርዳችሁ አስቤዛ ስትገዙ፣ ቡርጅ ሐሙድ ገንዘብ ስትልኩ፣ አንጠልያስ ወይም ጀል ኤል ዲብ ማዳም ቤት ስትውሉ ያላችሁት አንድ ወረዳ ውስጥ ነው፤ መትን ይባላል። እዚህ አገር የቆዩ እህቶች «መትን የአውን ናት» ይሉናል። አዲስ የመጣችው ደግሞ ግድግዳው ላይ የምታየው ሌላ ፎቶ፣ ሌላ ባንዲራ ነው። ሁለቱም አልዋሹም፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ዓመት ነው።

«እኛ አንመርጥ፣ ምን አገባን?» የምትል አትጠፋም። ግን እራት ላይ ሲጨቃጨቁ ሳህን የምናነሳው እኛ ነን። መንገድ ሲዘጋ ሰርቪስ አጥተን የምንቀረውም እኛ ነን። የአንዱን መሪ ስም አሞግሳ ማዳምን ያስደሰተች መስሏት ቤቱን ያስኮረፈችስ ስንት አለች! (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ድሮ መትን የካታኢብ ቤት ነበረች። ፓርቲውን በ1936 የመሠረቱት ፒየር ጀማየል ቤተሰባቸው የቢክፋያ ነው፤ ቢክፋያ ደግሞ መትን ተራራ ላይ ናት። ልጆቻቸው ባሺርና አሚን ሁለቱም በ1982 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ባሺር ሥልጣን ሳይረከቡ ተገደሉ። ዛሬ «ቁዋት» የምንለው ፓርቲ የመጣው እሳቸው ከመሯቸው ታጣቂዎች ነው።

ጄኔራል ሚሼል አውን በ1990 በሶሪያ ጦር ተሸንፈው በኋላ ፈረንሳይ ተሰደዱ። 2005 ላይ ሁሉም ነገር በአንዴ ተገለበጠ፦ በፌብሩዋሪ ራፊቅ ሐሪሪ ተገደሉ፣ በኤፕሪል የሶሪያ ጦር ወጣ፣ በሜይ አውን ተመለሱ። በጁን ምርጫ መትን ካላት ስምንት ወንበር የአውን ሊስት ከነአጋሮቹ ሰባቱን ወሰደ። «መትን የአውን ናት» የሚለው ወሬ ከዚያ ቀን ነው የሚጀምረው።

ግን እስቲ 2007ን እዩ። ከዚያ በፊት በነበረው ኖቬምበር የመሥራቹ የልጅ ልጅ፣ እሱም ፒየር ጀማየል፣ ሚኒስትር ሆኖ እያለ ጀዲዴ ውስጥ በጥይት ተገደለ። የፓርላማ ወንበሩን ለመሙላት አባቱ አሚን፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት፣ ተወዳደሩ። የአውን ሰው አሸነፏቸው። በስንት? በ418 ድምፅ! ሁለቱ ተደምረው ከ70 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝተው ልዩነቱ 418 ብቻ። እኛ እሑድ እሑድ የምናልፍበት የቡርጅ ሐሙድ የአርመኖች ድምፅ ወደ አውን ሰው ባይሄድ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር፤ ታሽናግ የሚባለው ፓርቲያቸው ያኔ ከአውን ጋር ነበርና። ስለዚህ «የአውን» በተባለችበት ዘመን እንኳ ወረዳዋ ለሁለት የተከፈለች ነበረች።

ታዲያ ከስምንት ሰባት እንዴት ተገኘ? በቆጠራው ነው። በድሮው ሕግ ብዙ ድምፅ ያገኘው ሊስት ጠቅልሎ መውሰድ ይችል ነበር። ከ2018 ጀምሮ ግን ወንበሩ እንደ ድምፁ መጠን ይከፋፈላል። ይሄ ለእኛም አዲስ አይደለም። በዚያው በ2005፣ በኛ 1997፣ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበር ሁሉ ወሰደ፤ በ2002 ኢሕአዴግ 22ቱን መልሶ ያዘ። በመሀል እስርና ፍርሃት እንደነበረ ታውቃላችሁ፤ ያም ሆኖ በሁለቱም ጊዜ የተሸነፈውን ወገን የመረጠ ሰው በየሰፈሩ ነበር። ወንበር ሲቆጠር እሱ አይታይም።

መትን ውስጥ የአውን ሊስት ከነአጋሮቹ ያገኘው እንዲህ ወረደ፦ በ2005 ሰባት፣ በ2009 ስድስት፣ በ2018 አራት፣ በ2022 ሁለት። በ2022 ካታኢብ ሁለት፣ ቁዋት ሁለት ወሰዱ። የቀሩትን ሁለቱን የሙር ቤተሰብና ታሽናግ አብረው ወሰዱ፤ ሁለቱም በ2005 ከአውን ጋር የነበሩ ናቸው። አጋር ሲሄድ ድምፁን ይዞ ነው የሚሄደው።

ሕዝቡም ራሱ ተለውጧል። አውን በ2006 ሺያሕ በሚገኘው ማር ሚኻኤል ቤተ ክርስቲያን ከሂዝቦላህ ጋር ስምምነት ሲፈራረሙ ቅር ያለው ክርስቲያን ብዙ ነበር። በ2016 ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ2019 በሳቸው ዘመን ኢኮኖሚው ወደቀ። ዶላር በ1,500 ሊራ ይመነዘር የነበረው ወደ 90 ሺህ ሄደ። ይሄን እኛ ከደሞዛችን እናውቀዋለን፤ በ2020 እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ሐዝሚዬ መንገድ ላይ አውርደዋቸው ሲሄዱ አይተናል። በዚያው ዓመት ኦገስት 4 ወደቡ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ የ2022ቱ ነበር፤ ለሁሉም ተጠያቂው አውን ብቻ ባይሆኑም ወንበሩ ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙዎቻችን የማናውቀው። ሊባኖሳዊ የሚመርጠው በሚኖርበት ሰፈር አይደለም፣ የቤተሰቡ መዝገብ ባለበት ነው። ያገባች ሴት መዝገቧ ወደ ባሏ አገር ይዞራል። የምርጫ እሑድ ማዳምና ሚስተር ልጆቹን እኛ ላይ ትተው ዳይዓ የሚሄዱት፣ ጣታቸው በቀለም ተነክሮ የሚመለሱት ለዚህ ነው። ስለዚህ ደውራ ስንት አዲስ ሰው ቢገባባት የመትን ድምፅ በዚያ አይለወጥም። መዝገቡ ላይ ያሉት በአብዛኛው እነዚያው ቤተሰቦች ናቸው፤ በ2005 አውንን መርጠው በ2022 የተዉት እነሱና ልጆቻቸው ናቸው። እንግዲህ ማዳም ደውራ ስለምትኖር ብቻ የማን ደጋፊ እንደሆነች አታውቁም። ዛሕሌ ትሆናለች የምትመርጠው።

በ2022 ለአውን ፓርቲ የቀሩት ሁለቱ፣ ኢብራሂም ከንዓንና ኤልያስ ቡ ሳዓብ፣ በ2024 ከፓርቲው ጋር ተለያይተዋል።

አውን ራሳቸው የተወለዱት ሐረት ሕሬክ ነው፣ ዳሂያ ውስጥ። ያ ሰፈር ከጦርነቱ በፊት ክርስቲያን የሚበዛበት ነበር። እንዴት እንደተለወጠ በሚቀጥለው ወረቀት እጽፋለሁ፤ እዚያ የሠራችሁ እህቶች ከአሮጊቶቹ የሰማችሁት ካለ እሑድ ንገሩኝ።