ከሽፋኑ ሥር የሚቀረው ሥራ፦ ግዙፍ ሞዴል አውሮፕላን ከኪት እንዴት ይገነባል?

ሣጥኑ ሲከፈት አውሮፕላን የሚመስል ነገር አይታይበትም። በሌዘር የተቆረጡ የባልሳና የኮምፔርሳቶ ሰሌዳዎች፣ ረጃጅም የእንጨት ዘንጎች፣ ሁለቱን ክንፎች የሚያያይዝ የካርቦን ፋይበር ቱቦ፣ ለሞተሩ ክዳን የተዘጋጀ የፋይበርግላስ ቅርጽና ተጠቅልሎ የተቀመጠ ትልቅ ንድፍ ይገኙበታል። ከወራት ሥራ በኋላ ከዚህ ክምር የሚወጣው፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ የሚሰፋ፣ በቤንዚን ሞተር የሚበርና በሬዲዮ ትእዛዝ በአየር ላይ የሚገለባበጥ አውሮፕላን ነው።

ዛሬ ተገጣጥመውና ተሸፍነው የሚሸጡ ሞዴሎች ገበያውን ሞልተውታል፤ ኪት የሚመርጡት ጥቂቶች ናቸው። ምርጫቸውን ናፍቆት ብቻ ብሎ ማለፍ ግን አይገባም። ተገጣጥሞ የመጣ አውሮፕላን ውስጡ እንዴት እንደተጣበቀ ገዢው ሊያይ አይችልም። ኪት የሠራ ሰው እያንዳንዱን መጋጠሚያ ያውቀዋል፤ መጋጠሚያው ቢከዳም ተጠያቂው እርሱ ነው።

በሬዲዮ የሚታዘዝ አውሮፕላን ገና ከጅምሩ ትልቅ ነበር። ዋልተርና ዊሊያም ጉድ የተባሉ ወንድማማቾች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ በካላማዙ ከተማ ያበረሩት «ጋፍ» የክንፉ ስፋት 2.4 ሜትር ገደማ ነበር። በዚያ ዘመን የሬዲዮውንና የባትሪውን ሸክም ሊያነሣ የሚችለው ትልቅ ክንፍ ብቻ ነበር። ዛሬ መቀበያው ጥቂት ግራም ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ ትልቅነት የሚመረጠው ለበረራው ጥራት ነው፦ ትልቅ ሞዴል ነፋስ በቀላሉ አያንገላታውም፣ እንቅስቃሴው የረጋ ነው፣ ከሩቅም ይታያል።

በብዛት ከሚቀዱት እውነተኛ አውሮፕላኖች አንዱ በጀርመናዊው ዋልተር ኤክስትራ የተነደፈውና በ1988 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው «ኤክስትራ 300» ነው። የክንፉ ስፋት 8 ሜትር ስለሆነ በአንድ ሦስተኛ ልክ ሲሠራ 2.67 ሜትር ይሆናል። ክብደቱ ላይ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ርዝመት ለሦስት ሲካፈል ይዘት ለ27 ይካፈላል፤ ባዶውን 630 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው አውሮፕላን በዚህ ስሌት 23 ኪሎ ግራም ሊሆን ነው። ይህን ያህል የሚከብድ ሞዴል ይበር ይሆናል፤ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ በፕሮፔለሩ ጉልበት ብቻ አየር ላይ ተንጠልጥሎ መቆም ግን ይከብደዋል። ስለዚህ ገንቢው የሚያልመው የዚያን ግማሽ፣ 11 ወይም 12 ኪሎ ግራም ነው።

ለዚህ የሚረዳው ባልሳ የተባለው እንጨት ነው። በአብዛኛው ከኢኳዶር የሚመጣ ሲሆን፣ አንድ ሜትር ኩብ የሚሆነው በአማካይ 160 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ያው መጠን ያለው ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ነው። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ክንፍም ከዚሁ እንጨት ስለሚሠራ፣ በ2020 የኢንዱስትሪው ፍላጎት ዋጋውን አንሮት ነበር። ልምድ ያለው ገንቢ ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ በሚዛን ይመዝናቸዋል፤ መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰሌዳዎች አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊመዝን ይችላልና። ጠንካራው ለክንፉ ዋና ተሸካሚ ዘንግ ይመደባል፣ ቀላሉ ለጅራቱ ይቀመጣል። ጅራት ላይ የተጨመረች አንዲት ግራም አፍንጫው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ግራም ማካካሻ ትጠይቃለች። ሙጫም ይመዝናል፤ ከመጋጠሚያው ገንፍሎ የደረቀ ኢፖክሲ ጥንካሬ ሳይጨምር ሸክም ይሆናል።

ክንፉ የሚሠራው ፍጹም ዝርግ በሆነ ጠረጴዛ ላይ ነው። የላይኛውና የታችኛው ጉብታው እኩል ስለሆነ አውሮፕላኑ ተገልብጦም እንደ ወትሮው ይበራል፤ ይህ የሚሆነው ግን ክንፉ ካልተጣመመ ነው። የጎድን አጥንት መሳዮቹ ቁርጥራጮች በዘንጉ ላይ ተሰክተው ሳለ ጥመቱን በእጅ ማቃናት ይቻላል። ስስ የባልሳ ልባስ ከላይና ከታች ከተለጠፈ በኋላ ክንፉ የተዘጋ ሣጥን ይሆንና ጥመቱም አብሮ ይቆለፋል። ስለዚህ ከመለጠፉ በፊት በውኃ ልክና በስኳድራ ደጋግሞ መለካት ከሥራው ሁሉ የማይታለፈው ነው።

ሞተሩ የሚታሰርበት የግንባር ሰሌዳ ሌላው ጭንቀት ነው። 100 ሲሲ የሆነው ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ትልቁን ፕሮፔለር በደቂቃ ከ6,000 ጊዜ በላይ ያሽከረክራል፤ ንዝረቱ ሙጫን ይሰነጥቃል፣ ብሎንን ይፈታል። በዚህም ምክንያት ወፍራሙ የኮምፔርሳቶ ሰሌዳ በሙጫ ብቻ አይተውም፤ በእንጨት ችንካሮች ይወጋል፣ ማዕዘኖቹ በሦስት ማዕዘን ደጋፊዎች ይሞላሉ፣ ፊቱም ቤንዚን እንዳይጠጣ በስስ ኢፖክሲ ይቀባል።

ገንቢዎችን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ግን «ፍላተር» የሚባለው መርገብገብ ነው። በክንፉና በጅራቱ ጠርዝ ያሉት መሪ ሰሌዳዎች ከተወሰነ ፍጥነት በላይ በራሳቸው ምት መርገብገብ ሊጀምሩ ይችላሉ። ከመሬት ሲሰማ እንደ ትልቅ ንብ ድምፅ ነው፤ አብራሪው ወዲያው ጉልበት ካልቀነሰ ሰሌዳው በቅጽበት ሊገነጠል ይችላል። ለትርኢት የሚሠራ አውሮፕላን ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። መሪ ሰሌዳዎቹ ሰፋፊ ናቸው፣ እስከ 45 ዲግሪ እንዲታጠፉም ይፈለጋል፤ ለዚህ የሰርቮ ሞተሩ ክንድ መርዘም አለበት፣ ክንዱ በረዘመ መጠን ደግሞ በማርሹ ውስጥ ያለች ጥቂት ልቅነት ጫፉ ላይ ትጎላለች። መፍትሔው ብርቱ ሰርቮ፣ የማይታጠፍ ዘንግ፣ በሁለቱም ጫፍ ልቅነት የሌለው መጋጠሚያና በማጠፊያው ላይ ያለውን ክፍተት መድፈን ነው። ክፍተቱን የምትደፍነው ቀጭን ልጣፍ ርካሽ ናት፤ ብዙዎችም ይረሷታል።

ከዚህ በኋላ ክፈፉ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልስና በካውያ ሙቀት በሚኮማተር ባለቀለም ፕላስቲክ ይሸፈናል። ሁሉም ሰው የሚያደንቀው ይህንን ነው፤ ቀላሉ ሥራም ይኸው ነው። የተሠራው ጥሩም ሆነ መጥፎ መጋጠሚያ ከዚህ ወዲያ አይታይም።

የሬዲዮው ሥርዓት የሚዘረጋው ይከሽፋል በሚል ግምት ነው። ሁለት ባትሪዎች ጎን ለጎን ይገጠማሉ፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥ መቀበያው የሞተሩን ጉልበት እንዲቀንስ አስቀድሞ ይታዘዛል፤ ለካንዴላው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ከርቀት የሚያቋርጥ ማጥፊያም ይጨመራል። ተመልካች ባለበት ሜዳ 12 ኪሎ የሚመዝን ነገር በፍጥነት ሲያልፍ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አይበዛም።

ሕጉም ከመብረር በፊት መታወቅ አለበት። በአሜሪካ ከ250 ግራም በላይ የሆነ ሞዴል በፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ይመዘገባል፣ ለመዝናኛ የሚያበርም ሰው አጭር የደኅንነት ፈተና ይወስዳል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም የአብራሪ ምዝገባ ግዴታ ሲሆን፣ የከፍታው መደበኛ ጣሪያ 120 ሜትር ነው። በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኪቱን ከማዘዛቸው በፊት የአገሩን የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ቢጠይቁ ይበጃል።

በመጀመሪያው በረራ ዋዜማ የስበት ማዕከሉ ይለካል። ነጥቡ ወደ ኋላ ካፈገፈገ አውሮፕላኑ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ከመጠን በላይ ይቅበጠበጣል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያው ቀን ባትሪዎቹ ወደ ፊት ተገፍተው ይታሰራሉ። በረራው አጭር ነው፦ ጥቂት ዙር፣ አንድ ሁለት ቀስ ያሉ ግልበጣዎች፣ ከዚያም ማረፍ። ሞተሩ እንደበረደ ክዳኑ ይወልቃል፤ በግንባሩ ሰሌዳ ላይ ያሉት ብሎኖችም አንድ በአንድ በመፍቻ ይፈተሻሉ።